የትሁን መርዶ

ከሐሙስ ጀምሮ ፈገግታ ከማንአልሞሽ ፊት አልጠፋም። ኦበርን ከተማ በምትሠራበት መጋዘን ካርቶን ስታሽግ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ የራሷን ፊት ስታይ ፈገግ ብሎ ታገኘዋለች። ማውንት ቤከር ሰፈር ካለችው አፓርታማዋ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅም እንደዚያው ናት። እንቅልፍ አልወስድ፣ እህል አልወርድ ብሏታል። እሱንም ከደስታ ቆጥራዋለች፤ ሰው ሲደሰትም እንቅልፍ ያጣል እኮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ተደወለላት። የደወለችው ጸጋ ናት፣ የኪዳነ ወልድ ሚስት። ኪዳነ ወልድ ደግሞ የአብሮ አደጓ የትሁን ታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድም ይባል እንጂ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ጸጋ ድምጿ ተዘግቶ፣ "ማኔ፣ ኪዳኔ አመለጠኝ" አለቻት። ትንሽ አመመኝ ብሎ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። "ትሁንን አንቺ ታረጂልኛለሽ። ከአንቺ የሚቀርባት ሰው እዚያ የላትም። ብቻ ሰው ሰብስበሽ፣ ቀስ አድርገሽ፣ አደራ!"

ማንአልሞሽ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። የእውነቷን ነው ያለቀሰችው። እሷና ትሁን ሕፃናት ሳሉ ኪዳነ ወልድ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ ይዞ ትምህርት ቤት ያደርሳቸው ነበር። ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡ ራሱ እንባዋን አደረቀው። "እሺ ጸጋዬ፣ ለእኔ ተዪው" አለች። "ሌላ ሰው ጋ እንዳትደውሉ። ፌስቡክ ላይም ማንም ምንም እንዳይለጥፍ። እኔ እንደሚሆን አድርጌ አረዳታለሁ።"

በእኛ ቋንቋ "አረዳታለሁ" እና "አርዳታለሁ" የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ማንአልሞሽ በአፏ ያለችው የመጀመሪያውን ነው፣ በሆዷ ያለችው ሁለተኛውን ነው።

ቂሟ እንዲሁ ከሜዳ አልመጣም። ካቻምና በጋ ትሁን ልጇን ሶሲን ዳረች። ማንአልሞሽ ለዚያ ሠርግ ያልሆነችው ነገር የለም። ወጥ ሠራች፣ አዳራሽ አስጌጠች፣ ሙሽራ አጀበች፣ በመጨረሻም መሃል ገብታ ጨፈረች። እንዴት ያለ ጭፈራ! ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ላቧ ከግንባሯ እስኪንጠባጠብ። ሰው ከብቦ አጨበጨበላት። ከሠርጉ በኋላ አንድ ማለዳ ያው ያጨበጨበው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በሯን አንኳኳ። እናቷ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ዐርፈዋል አሏት። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ደረቷን መታች። ትንሽ ሰከን ስትል "መቼ?" ብላ ጠየቀች። ሁሉም አቀርቅሮ ምንጣፉን ያይ ጀመር።

እናቷ የተቀበሩት ከሠርጉ አንድ ወር በፊት ነበር።

መርዶ እንደሚቆይ ማንአልሞሽም ታውቃለች። ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ መንገድ ላይ እያለ፣ ብቻውን እያለ አይረዳም። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ በወጉ ነው። እሱን የሚቃወም የለም። የእሷ ግን የቆየው ለእሷ ታስቦ አይደለም፤ ለሠርጉ ታስቦ ነው። ወጥ ሠሪዋ እንዳትጎድል፣ አዳራሹ በለቅሶ እንዳይረበሽ ነው። እናቷ አፈር ለብሰው እሷ እስክስታ ወረደች። አገር ምድሩ እያወቀ እሷ ብቻ ሳታውቅ!

የሠርጉ ቪዲዮ ዛሬም ስልኳ ላይ አለ። መሃል ላይ እሷ ትዘላለች። ዙሪያውን፣ እናቷ መሞታቸውን የሚያውቅ ሕዝብ ያጨበጭባል። ከሁሉም ፊት ትሁን አለች፣ ጥርሷ በሙሉ እስኪታይ ስቃ። ያችን ሣቅ ማንአልሞሽ ስንት ጊዜ እያቆመች እንዳየቻት ፈጣሪ ይወቀው። ከማንአልሞሽ እናት እጅ በልታ ያደገች ትሁን! ደሴ ሳሉ ቤታቸው እራት ሳይደርስ ሲቀር እነማንአልሞሽ ጋ ሮጣ መጥታ፣ "እትዬ ዘርፌ፣ ራበኝ" የምትል ትሁን!

እርቅማ ተደርጓል። የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ሁለቱን አቀማምጠው፣ "ያለፈው አለፈ" ብለው አሳሳሟቸው። ትሁን እግሯ ላይ ወደቀች፣ እሷም አነሣቻት። "ይቅር ብያለሁ" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዓል አብረው ያሳልፋሉ፣ ይደዋወላሉ፣ ይሣሣቃሉ። ማንአልሞሽ ቂሟን እንደ ቅመም አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በዕቃ ከድና አስቀመጠችው። አሁን እነሆ ቀኑ ደረሰላት። እሑድ የትሁን ልጅ እሴይ ሃይስኩል የጨረሰበት ድግስ ነው። ትሁን ደግሞ ሙዚቃ ከተከፈተ ማንም አይችላትም። ትጨፍር! ማንአልሞሽ ከፊት ቆማ ታጨበጭብላታለች፤ በስልኳም ትቀርጻታለች። ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄዳ በሩን ታንኳኳለች። "መቼ?" ስትላት ቪዲዮውን ታሳያታለች። ይኸው ነበር ዕቅዷ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ፈገግ የሚያሰኛትም ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ የእናቶች ስብሰባ ነበር። ስለ ጭንቀት፣ ስለ ስሜት የሚያስተምር ነው ተብሏል። ሴቶቹን እየደወለች የሰበሰበቻቸው ትሁን ስትሆን፣ የምታስተምረው ደግሞ ሶልያና ትባላለች፤ እዚሁ ሾርላይን ተወልዳ ያደገች፣ ካውንስሊንግ የምትማር፣ እንደ ልጅነቷ ቀልጠፍ ያለች። ማንአልሞሽ ስለ ስሜቷ ልትማር አልሄደችም። የሄደችው ትሁንን ልታያት ነው። ሞት ቤቷ ገብቶ ሳታውቅ ስትሥቅ ማየት፣ እሱ ብቻ ለእሷ ድግስ ነው። ሆን ብላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"የኔ ቆንጆ፣ ምነው ከሳሽ?" አለቻት ትሁን ገና ሳታርፍ። "ነገ ጥርግ አድርገሽ ነው የምትበዪው! ፓርኪንግ ስለማይገኝ በጊዜ ነይ ደግሞ።"

"በጊዜ ነው የምመጣው" አለች ማንአልሞሽ። "አንቺ ስትጨፍሪ ሊያመልጠኝ?"

"ልጄ ተመርቆ ካልጨፈርኩማ ሞቻለሁ!" ትሁን ሣቀች።

ማንአልሞሽም ሣቀች።

ሶልያና ነጭ ወረቀትና ባለቀለም እስክሪብቶ አደለች። እጇን አጨብጭባ፣ "ሶ፣ ኦኬ፣ ዛሬ ሁላችሁም ነገር ትጭራላችሁ" አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። "ምን አልሽ ልጄ?" አለች አንዷ።

"ነገር ጫሩ! ድሮዊንግ አይደለም፣ ቆንጆ መሆን የለበትም። እጃችሁ ዝም ብሎ ነገር ይጫር። ማሰብ የለም።"

ቤቱ በሣቅ ፈነዳ። ልጅቷ "የሆነ ነገር ሞነጫጭሩ" ማለቷ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን "ጠብ አንሡ" ነው። ትሁን እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። "እሱንማ ማን ያስተምረናል!" አለች። "እዚህ ያለነው በሙሉ በነገር መጫር ዲግሪ አለን።" ሶልያና ምን እንዳጠፋች ሲነግሯት ፊቷን በእጇ ሸፍና፣ "ኦ ማይ ጋድ፣ ሶሪ!" አለች። ስሙ ግን በዚያው ጸደቀ፤ ሴቶቹ እስክሪብቷቸውን እያነሡ፣ "በሉ ነገር እንጫር" ተባባሉ።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። የተናደዳችሁ ዕለት እጃችሁ ምን ማድረግ ይፈልጋል? እሱን አድርጉት አለቻቸው። ማንአልሞሽ ቀይ መረጠች። መስመር አሰመረች፣ በላዩ ላይ ደገመች፣ በላዩ ላይ ሠለሰች። እንዴት ደስ ይላል! እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው፣ ጠረጴዛውንም ነካው። ሶልያና ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

"ዋው። ይሄ ምንድነው?"

"ንዴት ነዋ" አለች ማንአልሞሽ ቀና ሳትል።

"ጎበዝ። ሰውነትሽ ላይ የት ጋ ነው ያለው?"

ማንአልሞሽ ይህን የፈረንጅ ጥያቄ ልትሥቅበት አስባ ነበር። እጇ ግን ጉሮሮዋ ላይ አረፈ። ንዴት ያለው ሆድ ውስጥ ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ ጉሮሮዬ ጋ ምን አመጣው ብላ እጇን መለሰችው።

ቀጥሎ ሶልያና አዲስ ወረቀት ሰጠቻቸውና፣ "አሁን የሚመጣ ቀን ምረጡ" አለች። "በጣም የምትጠብቁትን። ሰውን በነጥብና በመስመር ብቻ አድርጉት። ኖ ፊት፣ ኖ ልብስ። ብቻ ማን የት ጋ እንዳለ።"

የማንአልሞሽ ልብ ዘለለች። ለካ ይህም ጨዋታ ይጣፍጣል! ድግሱን አሁኑኑ፣ ትሁን ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ ልትደግሰው ነው። በወረቀቱ መሃል አንዲት የምትንቀጠቀጥ መስመር ጫረች፤ ትሁን ናት፣ እየጨፈረች። ዙሪያዋን አጫጭር ጭረቶች ደረደረች፤ የሚያጨበጭበው ሰው ነው። አንዱን ጭረት ረዘም አደረገችው፤ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እየጫረች ፈገግ ትላለች። ቀና ስትል ትሁን ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ እንደ ሕፃን አበባ ስታበጅ አየቻት። ጫሪ፣ አለች በልቧ፣ ነገ ያንቺን አበባ አሳይሻለሁ።

"አንቺስ የት ነሽ?" አለች ሶልያና ወረቀቷ ላይ ጎንበስ ብላ።

"እ?"

"በዚህ ቀን አንቺ የት ጋ ነሽ? ራስሽን ጫሪ።"

ማንአልሞሽ ራሷን ረስታ ነበር። ክቡ ሞልቷል። ቦታ ፈለገችና በሁለት ጭረቶች መካከል፣ ከፊት፣ አንዲት ትንሽ መስመር ጣል አደረገች።

"ኦኬ። ምን እያደረገች ነው?"

"እያጨበጨበች።"

"እሷ ላይ ብቻ ፊት እናድርግ። ትልቅ አድርጊው፣ እዚህ ጥግ ጋ። ምን አይነት ፊት ነው ያላት?"

ምን ዓይነት ፊት ይሆናል? የሚሥቅ ፊት ነዋ! ማንአልሞሽ ክብ ሠራች፣ ሁለት ዓይን ነጠበች፣ አፍ አሰመረች። አፉ ትንሽ ሆነባት። ጎተተችው። አሁንም የሚሥቅ አልመሰላትም፤ ጥርስ ጨመረችበት፣ ግራና ቀኝ ወጠረችው፣ እስከ ጆሮ ድረስ። ከዚያ እጇ ቆመ።

ይህን ፊት ታውቀዋለች። በስልኳ እያቆመች ያየችው፣ የጠላችው፣ የረገመችው ፊት ነው። የትሁን ፊት ነው፣ በሶሲ ሠርግ። ስታየው ሣቅ ይመስላት ነበር፤ በገዛ እጇ መስመር በመስመር ስትሠራው ግን ሣቅ አልነበረም። አፏ ውስጥ የያዘችውን መዋጥም መትፋትም ያልቻለች ሰው ፊት ነው። ጥርሱ የተገጠመው የሆነ ነገር እንዳያመልጥ ነው። ማንአልሞሽ በምላሷ የራሷን ጥርስ ዳሰሰች። ተገጥሟል። ከሐሙስ ጀምሮ ተገጥሟል። ያ ሁሉ ፈገግታ ይኸው ነበር። ደስታ ያለችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ የተወተፈ የኪዳነ ወልድ ለቅሶ ነው። ያ ደግ ሰው ሞቶ እሷ ካርቶን እያሸገች ጥርሷን ታሳይ ነበር።

"ስሜቱ ስም አለው?" አለች ሶልያና ዝግ ብላ።

"ለቅሶ ነው" አለች ማንአልሞሽ፣ ከጎኗ ላሉት ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ያልወጣ ለቅሶ።"

የሶልያና ፊት በራ። ቀጥ ብላ ቆማ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "የስ! አያችሁ፣ ማንአልሞሽ ተረዳች!" አለች።

ልጅቷ "ገባት" ማለቷ ነው፣ ጥፋትም የለባትም፤ አገር ቤት ግን ለቅሶ በተነሣበት አፍ "ተረዳች" ከተባለ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። አንዷ አማተበች። ትሁን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ "ኧረ ልጄ፣ ክፉ ቃል ነው!" አለች። "እንዲህ አይባልም። ማንም አልሞተባትም፣ ምንም አልተረዳችም!" በጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ የማንአልሞሽን እጅ ያዘች። "አንቺ ደግሞ ምነው ደነገጥሽ? የልጅ ነገር እኮ ነው። ማንም አልሞተም፣ የኔ እናት። ሁሉም ደኅና ነው።"

ማንአልሞሽ እጇን ከእጇ ውስጥ አወጣች። "መጣሁ" ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችምም።

ባቡሩ ከራሷ በላይ ባለው ሐዲድ ሲያልፍ መንገዱ ዳር ቆማ አለቀሰች። ይቅር ያለቻት እንዳይመስላችሁ። ያንን ፊት መሸከም አቃታት እንጂ ቂሟስ እንዳለ ነው። እንዲያውም ባሰባት፤ ትሁን ያንን ፊት አንድ ወር ሙሉ ይዛው ከርማለች ማለት ነው፣ እንደሚያንቃት እያወቀች፣ ግን አልተነፈሰችም። ያንቃት ነበር፣ ይሁን፤ ታንቆ ዝም ማለትም ምርጫ ነው። ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው? ካጨበጨበች ትሁንን ሆነች ማለት ነው። ካላጨበጨበች ደግሞ ያ ሁለት ዓመት የቆየ ነገር በከንቱ ሊቀር ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያኔ ነው መልሱ የመጣላት፣ ከመጀመሪያው ሐሳብ ይልቅ የሚመር። እንዳደረገችኝ አላደርግባትም አለች። ማድረግ እንደነበረባት ነው የማደርግባት።

ስልኳን አወጣችና ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋ ኮል አደረገች።

"ጋሼ፣ የትሁን ወንድም ኪዳነ ወልድ ዐርፏል።"

"እግዚኦ! ነፍሱን ይማረው። ትሁን ሰምታለች?"

"አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን።"

ሽማግሌው ግን፣ "ነገማ ምርቃቱ አይደለም እንዴ?" አሉ። "ሰው ተጠርቷል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ምግቡ ተሠርቷል። ደስታዋን አናበላሽባት። ሰኞ ይሁን ልጄ፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል እኔ እነግራለሁ።"

ማንአልሞሽ ስልኩን ከጆሮዋ አላቃ አየችው። ከዚያ መልሳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። "ጋሼ፣ የእኔንም ‘ከሠርጉ በኋላ ይሁን’ ያሉት እርስዎ ነበሩ?"

በዚያኛው በኩል ማሳል ተሰማ። "ለሰው ደስታ ብለን ነው እንጂ..."

"ነገ ጠዋት ይመጣሉ" አለች። ድምጿ አልተነሣም፤ ሽማግሌ ላይ ድምፅ አይነሣም። "ትሁን ቤት ደጃፍ፣ ሾርላይን። ከፊት የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ካልመጡ እኔ ራሴ መጥቼ ይዤዎት እሄዳለሁ።"

ከዚያ ቪዲዮውን ከፈተች። ይህን ጊዜ ትሁንን አላየችም። ክቡን ዞረች፣ አንድ በአንድ፣ እያቆመች። ያጨበጨበውን ሁሉ እየለየች ደወለች። "በሶሲ ሠርግ ስጨፍር ከፊት ቆመሽ አጨብጭበሽልኝ ነበር አይደል? አዎ፣ ቪዲዮው ላይ አለሽ። ነገ ጎህ ሲቀድ ትሁን ቤት ትመጪያለሽ፣ ነጠላ ለብሰሽ። ወንድሟ ሞቷል።" አንዷ ጥፍሬን የምሠራበት ኔይል ቀጠሮ አለኝ ልትል ጀምራ ዋጠችው። ሌላው ቅዳሴ ነው አለ። "ለእኔ እናት የቀረብህ ቅዳሴ ነበር?" አለችው። እሺ አለ። እያንዳንዱ "እሺ" ሲላት ደረቷ ላይ የሚጣፍጥ ነገር ይፈስስ ነበር። አሁን ስሙን ታውቀዋለች፤ በቀል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አላፈረችበትም።

እሑድ ማለዳ ያ ጸጥተኛ የሾርላይን መንገድ በመኪና ተሞላ። ካፊያ ነገር ነበር። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ማንም ሳይነጋገር ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከፊት ናቸው። ማንአልሞሽ ከጎናቸው ቆማ በሩን አንኳኳች።

ትሁን ከፈተች። ጸጉሯ ለድግሱ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፣ እጇ ላይ ፊኛ መንፊያ ይዛለች። ከኋላዋ ሳሎኑ ለአዳራሹ በተነፋ ሰማያዊ ፊኛ ሞልቷል። መጀመሪያ ማንአልሞሽን አይታ ልትሥቅ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ነጠላዋን አየች። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ሰው ሁሉ አየች። በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምንም መናገር አያስፈልገውም።

"ማነው?" አለች። "ማነው፣ ማኔ?"

"ኪዳኔ ነው" አለች ማንአልሞሽ፤ ወዲያው ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ከታ ያዘቻት።

ትሁን ጮኸች። ማንአልሞሽ እንድትወድቅ አልተወቻትም፤ ደረቷን እንዳትደቃ እጇን ያዘችላት፣ ቢጎዲኑን ከጸጉሯ እየነቀለች ጣለችላት፣ ፊቷን ደረቷ ላይ አድርጋ አስለቀሰቻት። ሰው ሁሉ ገብቶ ዙሪያቸውን ቆመ። አለቀሰ። እሴይ በፒጃማው ከደረጃው ወርዶ "ማም? ዋትስ ሮንግ?" ሲል አንዷ አቀፈችው። ማንአልሞሽም ለኪዳነ ወልድ አለቀሰች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ የተወተፈው ነገር ወጣ። አንድም ነገር አላጎደለችም። አንድም ነገር አላጎደለችባትም።

ትሁን ትንፋሽ ስታገኝ ቀና አለች። "መቼ?" አለች።

ማንአልሞሽ መሬት መሬት አላየችም። "ሐሙስ።"

"አንቺ መቼ ሰማሽ?"

"ሐሙስ።"

ትሁን አየቻት። ዓይኗ ከማንአልሞሽ ላይ ተነሥቶ ፊኛዎቹ ላይ ሄደ፣ ዙሪያውን በቆሙት ሰዎች ላይ ዞረ፣ እያንዳንዳቸው ላይ አረፈ፤ ማን ማን እንደሆኑ ገባት። የማንአልሞሽን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

"ምነው አንድ ቀን ብትጠብቂ?" አለች። ድምጿ ከለቅሶው በታች ነበር። "ምነው ጨፍሬ ቢሆን፣ ማኔ? ጨፍሬ ቢሆን እኩል እንሆን ነበር።"

"እኩል እንዳንሆን ብዬ ነው" አለች ማንአልሞሽ።

ከቅድሙ የባሰ ጩኸት ከትሁን ወጣ፤ ሰዎቹ የወንድሟ ስም መስሏቸው ሊያባብሏት ተጠጉ። ትሁን ግን በሁለት እጇ የማንአልሞሽን ጉልበት አቅፋ፣ ያጨበጨበው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እትዬ ዘርፌ!" እያለች ነበር። "እትዬ ዘርፌ፣ እትዬ ዘርፌ!"